አሥረኛው ቀዳዳ

እትዬ ሜትርን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። የልብስ መለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ገበያ ስትወጣም ሰው ልትጠይቅ ስትሄድም እንደ ሐብል አጥልቃው ነው። አንድ ጊዜ ሐኪሙ ልቧን ሊያዳምጥ ማዳመጫውን ከአንገቱ ሲያወርድ የእሷን አይቶ፣ «እርስዎም ሙያተኛ ነዎት እንዴ?» ቢላት፣ «አዎ፣ እኔ ደግሞ ወገብ ነው የማዳምጠው» አለችው። ስንስቅበት ከረምን።

የተዋወቅነው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እሷ እጅጌ ትገጥማለች፣ እኔ የቁልፍ ቀዳዳ እሠራለሁ። ፋብሪካው ሲዘጋ ለእሷ አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና፣ ለእኔ አንዲት ትንሽ መቀስ ሰጥተው አሰናበቱን። መኪናዋን ሳሎኗ መስኮት ሥር አቁማ የሰፈሩን ልብስ መስፋት ጀመረች። የእኔ ቤት ከእሷ ሁለት በር አልፎ ነው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እሄድና ከመኪናዋ በስተቀኝ ያለችው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። እሷ ትሰፋለች፤ እኔ ቀዳዳ እበሳለሁ፣ ጠርዙን እዘመዝማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። እንዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነን። የበርጩማዋ አንድ እግር ስለሚያጥር ሥሩ የታጠፈ ካርቶን ይገባል። ካርቶኑን የምቀይረውም እኔ ነኝ፤ ስንት እጥፍ እንደሚበቃት የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ።

ያቺ በርጩማ ናት እንግዲህ ጉድ የሠራችኝ።

መንገዱ ጫፍ ላይ ያለው አሮጌ ትምህርት ቤት ተማሪ ካጣ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ክረምት ከድንበር ማዶ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ቤተሰቦች ገቡበት። በአንድ ክፍል አራት ቤተሰብ ነው። የሰፈሩ ሰው ያለውን ልብስ አዋጣ፤ ግን የተዋጣ ልብስ የሚለብሰውን ሰው አይጠይቅም። ረጅሙ ለአጭሩ ደረሰ፣ ሰፊው ለቀጭኑ። እትዬ ሜትር አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ አንድ ሰውዬ በአንድ እጁ ባልዲ፣ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ ሲሄድ አየች። ሰላም ብትለው አንገቱን ብቻ ነቀነቀላት።

«ሁለቱም እጆቹ ሥራ ይዘዋል፤ በምኑ ሰላም ይበለኝ?» አለችኝ ስትመለስ። በማግስቱ ሱሪውን አስመጥታ ወገቡን አጠበበችለት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው በላይ በላዩ መጣ። የልጆች ካፖርት ማሳጠር፣ ኪስ መጨመር፣ እጅጌ ማርዘም። ወረቀቶቻቸውን የሚይዙበት ከልብስ ሥር የሚታጠቅ ጠፍጣፋ ከረጢት ሁሉ ሰፋችላቸው። እኔም ቁልፍና ቀዳዳው ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ልናገር። ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ግን ሱሪው ልኩ የሆነለት ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ እጁን አውጥቶ ይጨብጠኝ ጀመር።

ቀስ በቀስ ግን ስምንት ሰዓት ላይ ስሄድ በሯን ተዘግቶ ማግኘት ጀመርኩ። ትምህርት ቤት ልትለካ ሄዳለች። በማግስቱም ሄዳለች። በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፍቶ፣ ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ብገባ አንዲት ሴት በርጩማዬ ላይ ተቀምጣለች። ካርቶኔ ከሥሯ ተንሸራትቶ ወጥቶ መሬት ላይ ወድቋል። ሴትዮዋ ግን በተንጋደደችው በርጩማ ላይ ምንም እንዳልሆነች ቀጥ ብላ ትሰፋለች።

«ነይ ግቢ እንጂ! ምን በር ላይ ትገተሪያለሽ?» አለች እትዬ ሜትር። «ይቺን እይልኝ! እጇን እይ! ቀልጣፋዋ ብያታለሁ።»

ቀልጣፋዋ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን፣ ዐይኗ ትልልቅ። አገሯ ሳለች የተማሪ ልብስ ትሰፋ ነበር። ያላት አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጅ ብቻ ናት። ቋንቋችንን ምስር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ እየመረጠች ትናገራለች። ስታየኝ ብድግ አለች።

«እማማ፣ ይቀመጡ።»

እማማ! እትዬ ሜትር እኮ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷን «እትዬ» እና «አንቺ»፤ እኔን «እማማ» እና «እርስዎ»! ጸጉሬ ነው እንግዲህ። እትዬ ሜትር ቀለም ትቀባለች።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፣ ደህና ነኝ» አልኩና ጨርቅ የተሞላው ሣጥን ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰው እንዲነሳልኝ ማድረግ አልችልበትም። በትህትና ተቀምጬ ግን ዐይኔ በርጩማዬ ላይ ነው።

የሠራችውን ቀዳዳ አሳየችኝ። ጠርዙ ላይ አንድ ወፍራም ክር ታስተኛና በላዩ ትዘመዝማለች። ቀዳዳው እንደ ሩዝ ፍሬ ሙልት ያለ ነው። በጣቴ ዳሰስኩት። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ቀዳዳ እንደሠራሁ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ግን ሠርቼ አላውቅም።

«እንዴት ነው?» አለች እትዬ ሜትር፣ ራሷ የወለደቻት ይመስል።

«ደህና ነው። ትንሽ ክር ይፈጃል» አልኩ።

«ደግሞ ፍጥነቷ!»

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» አልኩ። ለራሴ ያልኩት መስሎኝ ነበር።

«ምን አልሽ?»

«ክሩ እንዳይበጠስ ነው ያልኩት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀልጣፋዋ በየቀኑ ትመጣለች። ሁልጊዜ ልትነሳልኝ ትሞክራለች፣ ሁልጊዜ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ሁልጊዜ ሣጥን ላይ እቀመጣለሁ። ሣጥኑ ከመስኮቱ ይርቃል፤ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ተነስቼ ብርሃን ፍለጋ እሄዳለሁ። እኔ ቆሜ ክር ሳስገባ ሁለቱ ስለ እጅጌ ያወራሉ። አንዳንዴ ቃል ሲጠፋቸው በእጃቸው ያወራሉ፤ ያ ደግሞ ይብሳል። ሁለት ሰዎች በእጅ ሲግባቡ ሦስተኛው ምን ብሎ ይገባል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። የብብቷ እኔ ነበርኩ፤ መውደቄን ግን ማንም ልብ አላለም። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሻይ እየጠጣሁ፣ ያቺ ሴት ሌላ ከተማ ዘመድ ቢገኝላት ብዬ እመኛለሁ። ክፉ አልተመኘሁላትም፤ ጥሩ ዘመድ ነው የተመኘሁላት። ብቻ ራቅ ያለ።

ከዚያ የመጋረጃው ሥራ መጣ።

ቀልጣፋዋ በምትኖርበት ክፍል ያሉት አራት ቤተሰቦች የሚለያዩት በብርድ ልብስ ነበር። ገመድ ወጥረው ብርድ ልብሱን ይሰቅሉበታል። ብርዱ ሲጠና ግን ግድግዳቸውን አውርደው ይለብሱታል። ጠዋት አባትና እናት፣ የሰው ልጅና የሰው ባል ሁሉም ፊት ለፊት ተፋጠው ይነቃሉ። ይህን ለእትዬ ሜትር የነገረቻት ቀልጣፋዋ ናት። እትዬ ሜትር ደግሞ አንድ ሆቴል አንሶላዎቹን ሊቀይር መሆኑን ሰምታ ሄዳ ለምና አሥራ ሁለት አንሶላ ተሸክማ መጣች። «ብርድ ልብሱ ብርድ ልብስ ይሁን፣ ግድግዳውን እኛ እንሰፋለን» አለች።

ገመድ የሚያልፍበት መጋረጃ ቀዳዳው ጥንድ ጥንድ መሆን አለበት፤ ስምንት፣ ወይም አሥር። ገመዱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ፣ ቁጥሩ ጥንድ ሲሆን ሁለቱም የመጋረጃው ጫፎች ከገመዱ በስተጀርባ ይቀራሉ። አንድ ከጎደለ አንደኛው ጫፍ ወደ ፊት ተገልብጦ ይወጣና ከግድግዳው ጋር ክፍተት ይሆናል። ፋብሪካችን መጋረጃም ይሰፋ ስለነበር፣ ይህን ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ቀልጣፋዋ የተማሪ ልብስ እንጂ መጋረጃ ሰፍታ አታውቅም።

ስለዚህ በሳሙና ስባሪ ምልክት ማድረጉ የእኔ ሥራ ሆነ፤ በየአንሶላው አናት ላይ አሥር አሥር። እሷ በምልክቱ ላይ ትበሳለች፣ ትዘመዝማለች። እትዬ ሜትር ጠርዝ ትመታለች። ስድስት አንሶላ በሰላም ሄደ። ሰባተኛው ላይ እትዬ ሜትር ወሬ ጀመረች።

«ፋብሪካ ሳለን አንድ አለቃ ነበረን፣ ክራባቱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ። በየመኪናው ላይ እያጎነበሰ ሥራ ይቆጣጠራል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ሳታየው ክራባቱን ከሸሚዝ ጋር ሰፍታ አረፈችው! ቀና ሊል ቢል የት አባቱ! መኪናው ላይ እንደታሰረ ጥጃ...»

ቀልጣፋዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ እጄ ምልክት ያደርጋል፣ ጆሮዬ እዚያ ነው። አንዲት ልጅ? አንዲት ልጅ! እኔ ነበርኩ እኮ! ያን ቀን መኪና ላይ ተክተው ያስቀመጡኝ የመኪና ሠራተኛ ጠፍታ ነው፤ ከዚያ በኋላም መኪና ላይ አላስቀመጡኝም። ያ ታሪክ የእኔ ነው፤ በሕይወቴ ያለኝ የሚያስቅ ታሪክም እሱ ብቻ ነው። እሷ ግን ባለቤት እንደሌለው ዕቃ አነሳችው፤ አጠገቧ ተቀምጬ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

አንሶላውን ለቀልጣፋዋ አቀበልኳት። ሦስተኛውን ቀዳዳ ስትጀምር ዐይኔ ምልክቶቹ ላይ አረፈ። ቆጠርኩ። ዘጠኝ ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ።

ጫፉ ላይ አንድ መጨመር ብቻ ነበር። ሳሙናው እጄ ላይ ነው። «ቆይ፣ አንድ ረሳሁ» ማለት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው። ዝም አልኩ። ትቁጠራ፣ ቀልጣፋ አይደለች? አልኩ በሆዴ። እትዬ ሜትርም ትያት፤ የሚያምር ቀዳዳና የሚቆጠር ቀዳዳ አንድ አለመሆኑን ትየው።

መጋረጃው የተሰቀለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሰፈራችን አናጢ ግድግዳው ላይ መንጠቆ መትቶ ገመዱን እየወጠረ ይሰቅላል፤ እትዬ ሜትር ወንበር ላይ ቆማ ታዛለች። ክፍሉ በነጭ ተሞላ። አንዲት እናት አዲሱ መጋረጃዋ ውስጥ ገብታ ወጣች፣ ደግማ ገባች፤ እንደ ልጅ። ከዚያ አናጢው ከክፍሉ በር አጠገብ ያለውን ጥግ ሲሰቅል ቆመ።

«ይሄኛው ደግሞ ምላሱን አወጣብኝ እኮ!»

ሁሉም ሳቀ። እውነትም የመጋረጃው ጫፍ ወደ ፊት ተገልብጦ ወጥቷል። ከግድግዳው ጋር አንድ ስንዝር የሚሆን ክፍተት ተፈጥሯል። እትዬ ሜትር ከወንበሩ ወርዳ በጣቷ ቆጠረች።

«ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት... ዘጠኝ። ማነው የሠራው?»

መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ሩዝ ፍሬ የመሰለ ቀዳዳ የሚሠራ ሌላ ሰው የለም። የሳሙና ምልክት ደግሞ ሲታሽ ይጠፋል፤ ምስክር አይሆንም።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ቀልጣፋዋ።

«መቁጠር አትችይም እንዴ አንቺ?»

እትዬ ሜትር ክፉ አይደለችም፤ አፏ ነው የሚቀድማት። ግን ሃያ ሰው ፊት ነው ያለችው፣ የቀልጣፋዋ ልጅም እዚያው ቆማ ነበር። ቀልጣፋዋ ፊቷ እንደ አንሶላው ነጣ።

«ለእኔ ይሁን» አለች። «የእኔ ጥግ ላይ ይሰቀል። እኔ አስተካክለዋለሁ።»

እኔ የት ነበርኩ? ከአንዱ መጋረጃ ኋላ ቆሜ ሽብሽቡን አስተካክላለሁ። ሽብሽቡ ምንም አልሆነም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቀልጣፋዋ አልመጣችም። ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ስሄድ በርጩማዋ ባዶ ነበረች። አዲስ ካርቶን በአራት አጥፌ ከሥሯ አስገባሁና ተቀመጥኩ። መስኮቱ አጠገቤ፣ ብርሃኑ ሙሉ፤ ሁሉም እንደ ድሮው። እትዬ ሜትር ግን ወሬ የላትም። መኪናዋ ይጮኻል፣ ይቆማል፤ ይጮኻል፣ ይቆማል። ሐሙስ ቀን ድንገት፣ «ጠፋች አይደል?» አለች።

«ማን?»

«ማን ትያለሽ ደግሞ!» ከዚያ በቀስታ፣ «ይሄ አፌ ነው። ይሄን አፌን ነበር መስፋት።»

እሷ አፏን ስትረግም እኔ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። የእሷ አፍ የተናገረው አንድ ጊዜ ነው፤ የእኔ ግን በየቀኑ ዝም ይላል።

በስምንተኛው ቀን የቀልጣፋዋን ልጅ ካፖርት ጨርሳ አጥፋ ሰጠችኝ። «አንቺ ውሰጂላቸው። እኔ በምን ዐይኔ አያታለሁ?» አለች።

ሄድኩ። ልጅቷ ከጨዋታ የምትመለስበት ሰዓት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የቀልጣፋዋን ጀርባ ነው። ክፍተቱ ላይ ቆማለች፤ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጇ የመጋረጃው ጫፍ ላይ። ከኋላዋ የውሃ ባልዲ የያዘ ሰው አለፈ፣ ሁለት ልጆች እየተሯሯጡ አለፉ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ከውስጥ ልጅቷ፣ «ጨረስኩ» አለች መሰለኝ በቋንቋቸው። ያኔ እናትየዋ እጇን አወረደች።

ስምንት ቀን። ልጅቷ በለበሰች ቁጥር፣ በታጠበች ቁጥር፣ እናቷ እንዲህ በር ሆና ቆማለች። እኔ ብርሃን ያለበት መስኮት ሥር ተቀምጬ።

«እማማ! ይግቡ» አለችኝ ዞር ብላ። አልጋው ላይ አስቀመጠችኝ። ካፖርቱን ሰጠኋት። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ መቀሴን፣ መርፌዬንና ክሬን አልጋው ላይ አንድ በአንድ ደረደርኳቸው።

«ያን ገመድ ከመንጠቆው ፍቺልኝ።»

ፈታችው። ከዘጠነኛው ቀዳዳ ሦስት ጣት አለፍ ብዬ፣ ጫፉ አጠገብ ምልክት አደረግኩ። ሳሙና ስላልያዝኩ በጥፍሬ ነው።

«ጥንድ መሆን አለበት» አልኳት። «ዘጠኝ አድርጌ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንቺ ሦስተኛው ላይ ስትደርሺ አይቼዋለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።»

የጥፍሬን ምልክት በጣቷ ዳሰሰችው። በቋንቋችን ቃል እየፈለገች መሆኑን አላወቅኩም፤ የምትጮህብኝ መስሎኝ ጠበቅኩ።

«ዘጠኝ መሆኑን እኔም አይቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «እዚህ አገር እንደዚህ ነው አልኩ። እዚህ ሁሉም ነገር ለእኔ አዲስ ነው። ዘጠኝ ቢሆን፣ ምክንያት አለው አልኩ። አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ከዚያ ማስተካከል ፈራሁ፤ ሌላ ብበሳ፣ እሱም ስህተት ቢሆንስ?»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን ዝም አሉ?» አለችኝ።

«ቀንቼ» አልኳት። ቃሉን እንደማታውቀው ከፊቷ አየሁ። ሌላ እንዴት እላለሁ? በሌባ ጣቴ እሷን፣ ቀጥሎ መስፋትን፣ ቀጥሎ በርጩማን በእጄ አሳየኋት። ከዚያ ደረቴን መታሁ። ስንት ቀን በእጃቸው ሲያወሩ ስቀናባቸው የነበርኩት ሴት፣ ይሄው በእጄ ሳወራ። ገባት። መጀመሪያ ዐይኗ ፈጠጠ፣ ከዚያ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። መሳቋ ይሁን ማዘኗ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ቀዳዳውን እኔ በሳሁት። ወፍራሙን ክር ጠርዙ ላይ እንዴት እንደምታስተኛው አሳይኝ አልኳት፤ ጣቴን ይዛ አሳየችኝ። ግማሹን እኔ ዘመዘምኩ፣ ግማሹን እሷ። የእኔ ወገን ትንሽ ይንሻፈፋል። ገመዱን አስገብታ ስትወጥረው ጫፉ ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ለጥ አለ። ልጅቷ ከውስጥ ሆና ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው።

ከዚያ ለእትዬ ሜትር መንገር ቀረ። መንገዱን ሙሉ እግሬ ይጎተታል። እነግራታለሁ፣ በርጩማዬንም እዚያው አጣለሁ። ስደርስ መርፌዎች በአፏ ይዛ ነበር። እንዳታቋርጠኝ እንዲያ እንዳለች ነገርኳት። መርፌዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው፤ አምስት ነበሩ።

«በርጩማ ላይ ስለተቀመጠች?»

«አዎ።»

«ስልሳ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው እኮ!»

«ሰባ ነው።»

«ይባስ!» ብድግ ብላ ክፍሉን ዞረችው። «እኔ ስምንት ቀን ሙሉ አፌን ስረግም አጠገቤ ተቀምጠሽ? አጠገቤ?»

መቀሴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለመሄድ ስነሳ ግን ያ ነገር አላስችል አለኝ። «የክራባቱን ታሪክ ለምን አንዲት ልጅ ብለሽ አወራሽው? እኔ አይደለሁም?»

ቆመች። «ታፍሪያለሽ ብዬ ነዋ! ስምሽ ሲነሳ ጠረጴዛ ሥር የምትገቢ ሰው! አንቺ የሰፋሽው መሆኑን ብናገር ሳምንት አትመጪም ነበር።»

እውነቷን ነው። እመጣ አልነበረም።

ጫማዋን አድርጋ ያኔውኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ ሲመለሱ ግን ቀልጣፋዋ ሜትሩን በአንገቷ አጥልቃ ነበር የመጣችው። እትዬ ሜትር ያለ ሜትሯ አንገቷ ራቁቱን ሆኖ ሳየው ደነገጥኩ። ለእኔ አውልቃልኝ አታውቅም።

«ከዛሬ ጀምሮ ምልክት የምታደርገው እሷ ናት» አለች። «አንቺ ትሰፊያለሽ። ጮክ ተብሎም ይቆጠራል።»

አሁን ያለነው እንደዚያ ነው። አናጢው ሌላ በርጩማ ሠርቶልናል፤ አራት እግሯ እኩል ነው። ቀልጣፋዋ አዲሷ ላይ ተቀመጪ ብትባል እምቢ አለች፤ «ለእማማ ነው የሚሻለው» ብላ። እኔ ደግሞ አሮጌዋን አለቅም አልኩ። ሜትሩ ማታ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ቀን ግን ቀልጣፋዋ አንገት ላይ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ወደ መርፌዬ እጎነበሳለሁ። ቅናት በአንድ ቀዳዳ አልወጣልኝም።

ምልክት ስታደርግ ጮክ ብላ የምትቆጥረው በራሷ ቋንቋ ነው። ሰው ሲቆጥር የሚቀናው በልጅነት ቋንቋው ነው መሰለኝ። እኔም መርፌዬን ይዤ ከሥር ከሥሯ እላለሁ። እስከ አሥር ያለስህተት ችዬዋለሁ።

እትዬ ሜትር ከስድስት አላለፈችም።